የዲግሪው ስም ሥራ አያመጣም፦ በእንግሊዝ አገር ኮምፒውተር ሳይንስን ከአንድ የሥራ ዓመት ጋር መማር

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ በረካው ሲቀዳ አንድ የማከብራቸው አባት ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼ ያንቺ ሙያ ነው። ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትገባ ነው። አራት ዓመት ነው፤ አንዱን ዓመት ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኩባንያ ያስገባታል አሉ። እውነት ነው?"

"አራት ዓመቱስ እውነት ነው ጋሼ" አልኳቸው። "ኩባንያውን ፈልጋ የምትገባው ግን ራሷ ናት።"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ስሙን ምን አመጣው?"

አልፈርድባቸውም። አገር ቤት የምህንድስና ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ጽፎለት ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ዲግሪው ላይ "ከኢንዱስትሪ ዓመት ጋር" ተብሎ የተጻፈው ሥራ የመፈለግ መብት እንጂ ሥራ አይደለም። ፈልጎ ያላገኘ ተማሪ ሳይሠራ ወደ ሦስት ዓመቱ ዲግሪ ይዛወራል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ዓመት በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ከታች ከምጽፈው ውስጥ ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

እንግሊዝ ውስጥ መደበኛው የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ 3 ዓመት ይፈጃል። የኢንዱስትሪ ዓመት ያለው 4 ነው፦ ሁለት ዓመት ትምህርት፣ ከ9 እስከ 12 ወር ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ፣ ከዚያ ተመልሶ የመጨረሻውን ዓመት መጨረስ። ሥራው በትምህርት መሀል እንደ ስጋ በዳቦ ስለሚገባ "ሳንድዊች ኮርስ" ይሉታል፤ የመንግሥት ቅጾች ላይ ይህ ስም አሁንም አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን እንደየአመላቸው ይጠሩታል። ማንቸስተር "ኢንደስትሪያል ኤክስፒሪየንስ" ይለዋል፣ ሰሪ "ፕሮፌሽናል ትሬኒንግ"፣ ኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና ሮያል ሆሎዌይ "ይር ኢን ኢንደስትሪ"፣ ባዝ "ፕሌስመንት"። ተማሪው በአፉ የሚለው ፕሌስመንት ስለሆነ እኔም እንደዚያው እላለሁ። (የስኮትላንድ ዲግሪ ከመነሻው 4 ዓመት ስለሆነና ክፍያውም ስለሚለይ እዚህ አልገባበትም።)

"አንድ ዓመት አይባክንባትም ወይ?" የሚሉ ወላጆች አሉ። የሚባክን ነገር የለም። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የት ሠርተሃል?" ነው። ፕሌስመንት የወጣ ልጅ መልስ ይዞ ይቀርባል፤ ከመመረቁ በፊት የሠራበት ቤት ተመለስ ሊለውም ይችላል።

ደረጃ 1፦ ዩኒቨርሲቲውን ስትመርጡ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦፕን ዴይ (ዩኒቨርሲቲው ለጎብኚ በሩን በሚከፍትበት ቀን) ሁሉም ሰው ስለ መኝታ ክፍልና ስለ ካፊቴሪያ ይጠይቃል። እናንተ የፕሌስመንት ክፍሉን ፈልጋችሁ እንዲህ በሉ፦ "ባለፈው ዓመት በዚህ ኮርስ ከተመዘገቡት ስንቱ ፕሌስመንት ወጣ?" ቁጥር ከነገሯችሁ ጥሩ ነው። የትልልቅ ኩባንያዎችን አርማ ብቻ ካሳዩአችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ አርማ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አንድ ተማሪ አንዴ እዚያ መሥራቱ ይበቃል።

ቀጥሎ፣ ፕሌስመንትን ብቻ የሚከታተል ሰው በትምህርት ክፍሉ ውስጥ አለ ወይስ የዩኒቨርሲቲው የጋራ ቢሮ ብቻ ነው? ለመውጣት የሚጠየቀው ውጤት ስንት ነው? አንዳንዱ ጋ ማለፍ ብቻ ይበቃል፣ አንዳንዱ ከፍ ያለ አማካይ ይጠይቃል። የሥራው ዓመት በመጨረሻው ውጤት ላይ ይቆጠራል ወይስ አለፈ ወደቀ ብቻ ነው? በመጨረሻም፣ ከሦስት ዓመቱ ወደ አራት ዓመቱ፣ ከአራቱም ወደ ሦስቱ መዛወር ይቻላል ወይ? ብዙ ቦታ ይቻላል። በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ልጅ ግን ከመጀመሪያው አራት ዓመቱን መርጦ መግባት ይሻለዋል፤ ቪዛው በኮርሱ ርዝመት ልክ ስለሚሰጥ በኋላ አንድ ዓመት መጨመር ሌላ ማመልከቻና ሌላ ወጪ ያመጣል።

ደረጃ 2፦ ማመልከቻው

ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን በሚሰበስበው ማዕከል፣ በዩካስ በኩል ያልፋል። አምስት ምርጫ አላችሁ። ለ2026 መግቢያ የማመልከቻው ክፍያ 28.95 ፓውንድ፣ ዋናው የጊዜ ገደብ ጃንዋሪ 14 ነበር፤ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ግን በኦክቶበር 15 ይዘጋሉ። ባለ ፕሌስመንቱ ኮርስ የራሱ ኮድ አለው፤ ብዙ ቦታ ጂ400 ተራው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ የባለ ፕሌስመንቱ ኮድ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ አይታችሁ ሙሉ። ጠንካራ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከኤ ሌቨል (እዚህ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ከሚወሰደው ፈተና) ሒሳብን ይፈልጋሉ። የኮምፒውተር ኤ ሌቨል ያልወሰደ ልጅ አይደንግጥ፤ ሒሳብ ያልወሰደ ግን ይደንግጥ።

ፐርሰናል ስቴትመንት (ራሳችሁን የምታስተዋውቁበት ጽሑፍ) ከ2026 መግቢያ ጀምሮ እንደ ድሮው አንድ ረጅም ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ጥያቄ ሆኗል፦ ትምህርቱን ለምን ፈለግህ፣ እስካሁን የተማርከው እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ውጪስ ምን አደረግህ። ለሦስቱ በድምሩ 4,000 ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 350። "ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወድ ነበር" ብላችሁ አትጀምሩ፤ አንባቢው በዚያ ቀን ይህንኑ ሲያነብ ነው የዋለው። የሠራችሁትን አንድ ነገር፣ የት እንደተበላሸና እንዴት እንዳስተካከላችሁት ጻፉ።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ አንድ ቃል፦ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ውጤት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ በቀጥታ አንደኛ ዓመት አያስገባም፤ በፊት ፋውንዴሽን ዓመት (የመሰናዶ ዓመት) ይጠይቃሉ። ስለዚህ መንገዱ አምስት ዓመት ሊሆን እንደሚችል አስባችሁ ገንዘቡን አስሉ።

ደረጃ 3፦ ማን ይከፍላል?

በ2025/26 እንግሊዝ ውስጥ የአገሬው ተማሪ የዓመት ክፍያ ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነበር። የሥራው ዓመት ጣሪያ የዚህ አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ማለት 1,905 ፓውንድ ነበር። "እየሠራን ለምን እንከፍላለን?" የሚለው የሁሉም ተማሪ ምሬት ነው፤ የእኔም ነበር። ሁለቱንም ስቱደንት ፋይናንስ የሚባለው የመንግሥት የተማሪ ብድር ይሸፍነዋል። የመኖሪያ ብድሩ ግን ደመወዝ በሚከፈልበት ዓመት በጣም ይቀንሳል፤ በእሱ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ ብላችሁ አታቅዱ። ከኦገስት 2023 ወዲህ የጀመረ ተማሪ ብድሩን የሚመልሰው ተመርቆ፣ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ሲያገኝ፣ ከበላዩ ካለው 9 በመቶ ነው።

የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ የእኛን ማኅበረሰብ ብዙ ጊዜ ያደናግራል። የስደተኝነት ጥያቄው ጸድቆ ረፊዩጂ ስታተስ ያገኘ ሰው ሌላው የሚጠየቀውን የሦስት ዓመት ኑሮ ሳይጠብቅ ለአገሬው ክፍያና ለብድሩ ብቁ ነው። ቋሚ መኖሪያ ያለው ከኮርሱ በፊት ሦስት ዓመት ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። የተገደበ ፈቃድ ያለውም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም፦ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ 7 ዓመት የኖረ፣ ወይም 18 ሞልቶት የዕድሜውን ግማሽ ወይም 20 ዓመት እዚህ የኖረ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት በሕጋዊ መንገድ ከኖረ ሊያመለክት ይችላል። ብዙ ልጆች "አይሆንልሽም" ተብለው ቀርተዋል፤ የጓደኛ ወሬ ሰምታችሁ አትቅሩ፣ ራሳችሁ አመልክቱ። የስደተኝነት ጥያቄው ገና ውሳኔ እየጠበቀ ያለ ሰው ብድሩን አያገኝም፤ "ሳንክቹዌሪ" የሚባሉትን የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፖች ይፈልግ። በአብዛኛው መሥራት ስለማይፈቀድለት ግን ወረቀቱ እስኪመጣ የሦስት ዓመቱን ኮርስ ቢይዝ ይሻለዋል።

በተማሪ ቪዛ ያለ ተማሪ ፕሌስመንቱ የኮርሱ አካል ሆኖ የሚገመገም እስከሆነና ከኮርሱ ርዝመት ግማሽ እስካላለፈ ድረስ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይችላል። በሌላው የትምህርት ጊዜ ያለችው የ20 ሰዓት ገደብ እዚህ አታስርም።

ደረጃ 4፦ "የማይቆጠረው" አንደኛ ዓመት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛውን ዓመት ውጤት በመጨረሻው ዲግሪ ላይ አይቆጥሩትም። ማለፊያው 40 በመቶ ነው። ተማሪው ሁሉ "40 ካገኘሁ ይበቃኛል" እያለ ይዝናናል። አሁን ቀኑን ቁጠሩ፦ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ማመልከቻ የሚከፈተው ሁለተኛ ዓመት በገባችሁበት መከር፣ አንዳንዱም ከዚያ በፊት በኦገስት ነው። በዚያን ሰዓት በእጃችሁ ያለ የዩኒቨርሲቲ ውጤት የትኛው ነው? ያ የማይቆጠረው። ኩባንያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት "ቱ ዋን" የሚባለውን፣ ከ60 በመቶ በላይ ያለውን ነው። እኔ አንደኛ ዓመት 52 አምጥቼ ነበር። ስንት ቅጽ ላይ ያቺን ቁጥር ስጽፍ እጄ እንደሚከብደኝ አልረሳውም።

ሌላው በዚህ ዓመት የሚሠራ ነገር አንድ ያለቀ ፕሮጀክት ነው። አስር የተጀመሩ ሳይሆኑ አንድ ያለቀ፣ ሰው የሚጠቀምበት። የክፍል ጓደኞቻችሁ ሁሉ የአየር ጠባይ የሚያሳይ አፕና የሥራ ዝርዝር መያዣ ይሠራሉ። እናንተ ግን እነሱ የሌላቸው ችግር አላችሁ፤ ተጠቀሙበት። ለምሳሌ የአማርኛ ፍለጋን ውሰዱ። "አለም" ብሎ የጻፈ ሰው "ዓለም" የሚለውን ማግኘት አለበት፤ "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት ባዕድ ፊደሎች አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለፊደሎች በሚጠቀምበት የቁጥር ሥርዓት) እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። እነሱን፣ ከነሰባት ድምፃቸው፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ መልክ አምጥቶ የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ኢንተርቪው ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ያስወራችኋል፣ ጠያቂውም ሰምቶት የማያውቀው ነገር ነው።

ወይም የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ ሥሩ። ጳጉሜን 5 የምትሆንበትንና 6 የምትሆንበትን ዓመት ለይቶ፣ እንቁጣጣሽን አንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዴ 12 ላይ በትክክል የሚያውል። ስህተቱን ፈልጎ የሚያገኝ ፈተና ጽፋችሁ አያይዙበት። የእናታችሁን እቁብ ተራና መዋጮ የሚይዝ ነገርም ይሆናል፤ ሰብሳቢዋ በየወሩ የምትነግራችሁ ቅሬታ ከማንም መምህር የበለጠ ያስተምራል። ሥራውን ጊትሀብ (ኮድ ለሰው የሚታይበት ገጽ) ላይ አስቀምጡት፣ ምን እንደሚሠራም በአጭሩ ጻፉበት።

በአንደኛ ዓመት መከር ደግሞ "ስፕሪንግ ዊክ" የሚባሉትን እዩ። ባንኮችና አንዳንድ ድርጅቶች በፋሲካ ዕረፍት አካባቢ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ለጥቂት ቀናት ይጋብዛሉ። ኤስ ኢ ኦ ለንደን የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአነስተኛ ገቢና ከጥቁር ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች በነጻ ያሠለጥናል፣ ከኩባንያዎችም ያገናኛል። ለመመዝገብ አትፈሩ፤ ለእናንተ ነው የተቋቋመው።

ደረጃ 5፦ ፍለጋው

ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት፣ በኦገስት፣ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። የኩባንያው ስም፣ የተከፈተበት ቀን፣ ያመለከታችሁበት ቀን፣ የደረሳችሁበት ደረጃ፣ የላካችሁት ሲቪ። ግራድክራከርና ሃየሪን (ድሮ ሬት ማይ ፕሌስመንት ይባል የነበረው) ዋነኞቹ መፈለጊያዎች ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲያችሁ የራሱ የሥራ ሰሌዳ ግን ተፎካካሪው ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። ብዙ ኩባንያ የመዝጊያ ቀኑን አይጠብቅም፤ ሰው ሲሞላለት ይዘጋል። ዲሴምበር 31 የሚል ማስታወቂያ በኦክቶበር መጨረሻ ሊጠፋ ይችላል።

ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን። አገር ቤት እንደለመድነው ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ያገባ ያላገባ፣ ሃይማኖት አይገባበትም። ሬስቶራንት ውስጥ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ መሥራታችሁን ግን አትደብቁ። ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ተነስቶ ሥራ የሚገባ ተማሪ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማንም ማኔጀር ይገባዋል።

እኔ 51 ቦታ አመለከትኩ። ስድስት ኢንተርቪው ደረሰኝ። አንዱ ኩባንያ ሦስት ዙር ካፈተነኝ በኋላ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኝም። ሥራውን ያገኘሁት በማርች፣ ስሙን አስቀድሜ ሰምቼው የማላውቀው፣ አርባ የማይሞላ ሠራተኛ ያለው ቤት ነው። ይህን የምነግራችሁ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ በመከር ያልቃሉ፤ ትንንሾቹ የሚከፍቱት ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ስለሆነ በገና ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ተማሪ ግማሹን ገበያ ሳያይ ነው የሚወጣው። የሆስፒታሎች፣ የቀበሌ ምክር ቤቶችና የዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ክፍሎችም ፕሌስመንት ይቀጥራሉ፤ ማንም አያስታውሳቸውም። የመከላከያና የደህንነት ሥራዎች ግን የእንግሊዝ ዜግነት ወይም ብዙ ጊዜ የ5 ዓመት የኑሮ ታሪክ ስለሚጠይቁ ከማመልከታችሁ በፊት ያንን መስመር አንብቡ።

ደረጃ 6፦ ፈተናና ኢንተርቪው

መጀመሪያ የኮዲንግ ፈተና ይላካል፤ ሰዓት ተይዞ፣ ሀከርራንክ በመሰሉ ገጾች ላይ። ከአንደኛ ዓመት የምታውቋቸው ነገሮች ናቸው፦ ዝርዝር መደርደር፣ ጽሑፍ መቁጠር፣ ሀሽ ቴብልና ዛፍ በሚባሉት የመረጃ አያያዞች መሥራት። በቀን አንድ ጥያቄ ለሁለት ወር መለማመድ በአንድ ሌሊት ሃያ ከመሥራት ይሻላል። ከዚያ ለካሜራ ብቻ የምትናገሩበት የቪዲዮ ኢንተርቪው ይመጣል። በጣም ይቀፋል፤ ግድግዳ የምታናግሩ ይመስላችኋል። ስልካችሁ ላይ ቀድታችሁ ራሳችሁን ካያችሁ በኋላ ይለመዳል።

ከሰው ጋር ፊት ለፊት ስትቀመጡ ግን የሚያስቸግረን ኮዱ አይደለም፤ አስተዳደጋችን ነው። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" ተብለን ነው ያደግነው። ራሱን የሚያወድስ ሰው ደስ አይለንም። ስለዚህ "ምን ሠራሽ?" ስንባል "እንዲህ አደረግን" እንላለን። ያ ኢንተርቪው ላይ ይጥላል፤ ጠያቂው ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው እናንተ ያደረጋችሁትን ብቻ ነው። አንዲት ሁለተኛ ዓመት ያለች ልጅ ሳለማምድ እንዲህ ሆነ፦

"የቡድን ሥራ ላይ ችግር ገጥሞሽ ያውቃል?"

"አዎ፣ አንድ ልጅ ሥራውን አልሠራም ነበርና ተነጋግረን ጨረስነው።"

"ማን አናገረው?"

"እኔ።"

"ምን አልሽው?"

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ወጣ፦ ልጁ የመረጃ ቋቱን ክፍል ስላልገባው ተደብቆ እንደነበር፣ እሷ አብራው ቤተ መጻሕፍት ሁለት ከሰዓት ተቀምጣ እንዳሳየችው፣ ከዚያ ሥራውን ለሁለት ከፍላ ቀኑ ሳያልፍ እንዳስረከቡ። ሥራ የሚያስገኘው መልስ ይህ ሆኖ ሳለ "ተነጋግረን ጨረስነው" በምትል ሐረግ ሥር ቀብራው ነበር። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ስታዘጋጁ አራት ነገር በቅደም ተከተል ይኑር፦ ሁኔታው፣ የእናንተ ድርሻ፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። ከሁሉ ረጅሙ ሦስተኛው ይሁን፣ "እኔ" እያላችሁ። አምስት ታሪክ ካላችሁ ለማንኛውም ጥያቄ ይበቃል።

ኮድ ስትጽፉ ደግሞ የምታስቡትን እየተናገራችሁ ጻፉ። ስታውቁት ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠያቂው ምንም አያይም፤ ስትሳሳቱ እየተናገራችሁ ከሆነ መንገዱን ያሳያችኋል። ጠያቂው አዛውንት ቢሆንም ዓይኑን እያያችሁ አናግሩት። ሥራ አስኪያጁ "ጆን በለኝ" ካላችሁ ጆን በሉት፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ "ሰር" ስል ቆይቼ ሰውየውን አሳቀቅሁት።

ደረጃ 7፦ ከመፈረም በፊት

ሥራ አገኛችሁ። ደስ ብሏችሁ ወዲያው አትፈርሙ። ዩኒቨርሲቲው ሥራውን ማጽደቅ አለበት፤ ሳይጸድቅ የተጀመረ ሥራ ላይቆጠር ይችላል፤ በቪዛ ላይ ላለ ተማሪ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ውሉ ላይ መነሻና መድረሻ ቀኑን፣ ደመወዙን፣ የዓመት ፈቃዱን እዩ። የዩኒቨርሲቲ ኮርስ አካል የሆነ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ፕሌስመንት ላይ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በሕግ አይጠበቅም፤ በእኛ ሙያ ግን ብዙው ይከፍላል። "ልምድ ይበቃሃል" የሚል ቤት ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

የስማችንን ጣጣም አሁን አስተካክሉ። የአባት ስም አንዱ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም፣ ሌላው ላይ የመካከል ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ሆኖ ይገኛል። ኩባንያው የመሥራት መብታችሁን ሲያጣራ፣ በኢቪዛው ሼር ኮድም (አሠሪው ፈቃዳችሁን ኢንተርኔት ላይ በሚያይበት ቁጥር) ሆነ በፓስፖርት፣ በባንክና በናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጥ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ያለው ስም አንድ ካልሆነ የመጀመሪያው ደመወዝ ይዘገያል። ሥራው ሌላ ከተማ ከሆነ ያክስት ልጅ ቤት ማረፍ ለመጀመሪያው ወር መልካም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሰው በኩል የሚገኝ ክፍልም አለ። የቤት ኪራይ ኤጀንሲ ዋስ ሲጠይቅ እዚህ የሚሠራ ዘመድ ያስፈልጋችኋል፤ ቀድማችሁ አናግሩት፣ በመጨረሻው ቀን አታስጨንቁት።

ደረጃ 8፦ የሥራው ዓመት

መጀመሪያ ገንዘቡ፣ ማንም ስለማያስረዳ። በዓመት 22,000 ፓውንድ ተቀጥራችሁ ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት ሠራችሁ እንበል፤ በወር 1,833 ገደማ። የግብር ዓመቱ የሚቆረጠው በኤፕሪል 5 ነው። ስለዚህ ሥራችሁ በሁለት የግብር ዓመት ይከፈላል፦ እስከ ማርች መጨረሻ ያለው ሰባት ወር፣ 12,833 ፓውንድ ገደማ፤ ከዚያ ያለው አምስት ወር፣ 9,167 ገደማ። ግብር የማይነካው ገቢ በያንዳንዱ ዓመት 12,570 ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ብቻ ያልፋል፣ ሁለተኛው ጭራሽ አይደርስም። ሆኖም ከኤፕሪል በኋላ መሥሪያ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ የምትሠሩ መስሎት በየወሩ 157 ፓውንድ ያህል ይቆርጣል። ከኦገስት በኋላ ሥራ ካቆማችሁ ይህ ወደ 785 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ የእናንተ ነው፤ ስትወጡ በሚሰጣችሁ ፒ45 እና ፒ50 በሚባለው ቅጽ ጠይቃችሁ ታስመልሳላችሁ። ናሽናል ኢንሹራንስ ግን በየደመወዙ ስለሚታሰብ አይመለስም። ስትቀጠሩ የሚሞላው የጀማሪ ቅጽ ላይ ከኤፕሪል 6 ወዲህ ሌላ ሥራ ካልነበራችሁ "ኤ" የሚለውን ምረጡ፤ ያለዚያ የተሳሳተ የግብር ኮድ ይሰጣችኋል። ከ22 ዓመት በታች ከሆናችሁ ጡረታ ውስጥ በራሱ አያስገባችሁም፤ ግቡ ካላችሁ ግን አሠሪው የበኩሉን ይጨምራል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ወር ሞኝ የምትሆኑበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት መቶ መስመር የጻፋችሁ ሰዎች ሦስት መቶ ሺህ መስመር ፊት ትቆማላችሁ። የምትጽፉት ኮድ ሁሉ ሌላ ሰው አንብቦ አስተያየት ይጽፍበታል፤ የመጀመሪያው አሥራ አራት አስተያየት ይዞ ሲመለስ አትናደዱ። ለግማሽ ሰዓት ታገሉ፣ ካልሆነ ጠይቁ፤ የሞከራችሁትን ግን ይዛችሁ ጠይቁ። እኛ "አስቸገርኩ" እያልን ሦስት ቀን ተቀብረን የምንቀር ሰዎች ነን። የኩባንያውን ኮድ ሳይፈቀድላችሁ ወደ ውጪ ቻትቦት አትለጥፉ፤ ውላችሁ ውስጥ ያለው የምስጢር አንቀጽ ይህንንም ይይዛል።

በየዓርቡ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ የሳምንቱን ሥራ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው መጨረሻ ላይ ሪፖርት ይፈልጋል፣ ከትምህርት ክፍሉም ሰው መጥቶ ወይም በቪዲዮ ይጎበኛችኋል። በኦገስት ተቀምጦ የኖቬምበርን ሥራ ማስታወስ አይቻልም። በዚያው ማስታወሻ ላይ ቁጥር አኑሩ፦ ገጹ ከዚህ ሰከንድ ወደዚህ ፈጠነ፣ ይኼን ያህል ሰው ተጠቀመበት። የመጨረሻ ዓመት ሲቪያችሁ ከዚያ ነው የሚወጣው።

ደረጃ 9፦ መመለስ

አብረዋችሁ የጀመሩት ሦስት ዓመቱን ጨርሰው ሄደዋል። ክፍሉ ውስጥ የምታውቁት ሰው ሊጠፋ ይችላል፤ ደመወዝም የለም። የመጨረሻ ዓመት ቤታችሁን ገና በሥራ ላይ እያላችሁ፣ በክረምቱ፣ ከሌሎች ፕሌስመንት ከወጡ ልጆች ጋር ተከራዩ፤ የሚመለሱት በአንድ ሰሞን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከሥራው ባያችሁት ችግር ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ የኩባንያውን ፈቃድ ከመልቀቃችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙ።

የሠራችሁበት ቤት "ተመርቀህ ተመለስ" ካላችሁ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ፣ እስከዚያው ሁለት ሦስት ሌላ ቦታ አመልክቱና የደመወዙን ልክ እዩ። ያኔ የምታመለክቱት እንደ ሁለተኛ ዓመቱ 51 ቦታ አይሆንም። እኔ አራት ነበር የሞላሁት።